ከተፋሁት በኋላ

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ሁዳዴ ነው፤ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ዌስትቼስተር ሰፈር የምሠራበት ሆቴል ለወይን አስተናጋጅነት ፈተና ሲያዘጋጀን፣ ሻርዶኔ ከሚባል ነጭ የወይን ፍሬ ብቻ የተሠራ፣ አረፋ ያለው ስፓርክሊንግ ወይን አስቀመሱን። ካልቀመስኩ እወድቃለሁ። ሶ፣ አንዴ ተጎነጨሁና ለመትፊያ የተቀመጠው ባልዲ ውስጥ ተፋሁት።

አረፋው ደቃቅ ነው፤ ምላስ ይወጋል። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ ያልበሰለ ፖም፣ መጨረሻ ላይ የተጠበሰ ዳቦ። የእማዬ ጠጅ አፍ ሙሉ ማር ነው፤ ይሄ ደረቅ ነው፣ ምንም አያባብልም። አሠልጣኛችን "ጥሩ ወይን ከተተፋም በኋላ አይለቅም" አለን።

ሰባት ሰዓት ላይ ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ሰፈር ያለው የእማዬ ምግብ ቤት ደረስኩ። ጠረጴዛ እየወለወለች ቀና አለች።

"እህል ውሃ አልቀመስሽም አይደል? እሑድ አብረን ነው የምንቆርበው።"

"አልቀመስኩም።"

"ጎበዝ ልጄ!" ብላ ልትስመኝ ስትጠጋ ትንፋሼን ያዝኩ።

ተፋሁት እንጂ አልዋጥኩትም! ታዲያ ለምን አልነገርኳትም? ነገ እነግራታለሁ አልኩ፤ ግን ነገም ብትስመኝስ?

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሽሮዬን በልቻለሁ፣ ጥርሴን ሁለቴ ብራሽ አድርጌያለሁ። ሎሚው አሁንም አፌ ውስጥ አለ።