ለመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ባለአደራ፣ ስለ ግራ ኩላሊቴ

ይድረስ ለተከበሩ የዳቦ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤

በቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣ ሥር በደህና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለመላ አካልዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ኩላሊቶችዎ፣ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከምድጃው ፊት የምቆመው ጋጋሪ ነኝ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልዎት ንቄዎት ሳይሆን መጻፍ ስለማልችል ነበር። አሁን ግን የማታ ትምህርት ጨርሻለሁ፤ አስተማሪዬም እንደኔ ያለ ተማሪ አይታ እንደማታውቅ ነግራኛለች፤ በምን በኩል እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ጎኔን ወግቶኝ ከሊጥ ማሽኑ ሥር ብጠቀለል ባልደረቦቼ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። በአልትራሳውንድ ሲታይ ቀኙ ኩላሊቴ ደህና ነው፤ በግራው ግን ጠጠር ተገኘ፤ የሽንቱን መውረጃ በከፊል ስለዘጋውም ኩላሊቱ ትንሽ አብጧል። ሐኪሟ ውሃ የማልጠጣው ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ያጠረን ውሃ ሳይሆን ቁልፍ ነው አልኳት። ግራ ስለገባት ለእርስዎ ላብራራ፦

፩ኛ፦ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ በመሳቢያዎ አስቀምጠው፣ የቸኮለ ሁሉ ደረጃ ወጥቶ ጉዳዩን ለጸሐፊዎ እንዲያስረዳ ስላደረጉ እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ ሳንጠጣ መዋልን ለምደናል። በሙቀት እያላበው ውሃ የማይጠጣ ሰው ግን ሽንቱ ይወፍራል፣ የወፈረውም እያደር ይጠጥራል ተብያለሁ። እኛ ዳቦ ስንጋግር እርስዎ ጠጠር ሲጋግሩ ኖረዋል ማለት ነው።

፪ኛ፦ ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነ በደንብ ከጠጣሁ በራሱ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለኝ ግን ያበጠው ኩላሊት አመርቅዞ ሊሆን ስለሚችል ሳልውል ሳላድር እንድመለስ ሐኪሟ አስጠንቅቃኛለች። ባለቤቴ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ግንባሬን ትዳስሳለች። እኔ እቀልዳለሁ፤ እሷ አትስቅም።

፫ኛ፦ ከጎኔ የሚሠራው ሊጥ አቡኪ ወገቡን መያዝ ጀምሯል። እሱ ገና ፊደል ስላልቆጠረ ዝም ብሏል፤ ስለ ዝምታው ያመስግኑት።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከምድጃው አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ይንጠልጠል።

ከግራ ኩላሊቴ በቀር ሁለመናዬ የሚያከብርዎት፣
የምድጃው ሰው

ማሳሰቢያ፦ በሐኪሟ ትእዛዝ አንድ ጆግ ውሃ እየጠጣሁ ነው የጻፍኩት፤ ጆጉ ባዶ ሆኗል። ደብዳቤውን በቢሮዎ በር ላይ ለጥፌ እዚያው እቆማለሁ። ስብሰባዎ ይረዝማል አሉ። አዲስ ምንጣፍም አስነጥፈዋል አሉ፤ እንኳን ደስ አለዎት።