አሥራ አምስት ክሬዲት

ሃርላን ፎርድ፣ ካንሳስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2016

ለምወድሽ ልጄ ለግሬታ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የኮዲያክ ደሴት ብርድ እንዴት አድርጎሻል? አባትሽ የናንተን አገር የአየር ጠባይ በስልኩ ሳያይ ቁርስ አይበላም። "ዛሬም ዝናብ ነው፣ ነገም ዝናብ ነው" ይለኛል፣ ዝናቡን እኔ የላክሁት ይመስል። ጉልበቱ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደህና ሆኗል፤ ደረጃ ሲወጣ ብቻ ያጉረመርማል። ስንዴው በቅሎ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ለምስጋና ቀን አክስትሽ ሎይስ ዘንድ እንሄዳለን። የምትሠሪበት ፋብሪካ ፈቃድ እንደማይሰጥሽ ስለነገርሽኝ ነይ ብዬ አልጨቀጭቅሽም።

በስልክ ትቼ በወረቀት የምጽፍልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ስልክ ላይ ስንሆን አንቺ "ደህና ነኝ እማ" ትያለሽ፣ እኔም "እኛም ደህና ነን" እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ውሻው ጥቂት አውርተን እንዘጋለን። ይሄ እንደዚያ የሚነገር ነገር አይደለም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የዛሬውን ግን አባትሽ ፖስታ ቤት እስኪያደርሰው ድረስ እንዳልነካው ቃል አስገብቶኛል።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኮሌጁ ስፖርተኞች በትምህርት ምክንያት ከሜዳ እንዳይቀሩ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ማን ስንት ክሬዲት ወሰደ፣ የማን ውጤት ከሁለት ነጥብ በታች ወረደ፣ ማን ኮርስ ሊያቋርጥ ነው፤ እኔ ፈርሜ ካላጸደቅሁ ማንም ማልያ አይለብስም። ባለፈው ኦገስት ከነዚህ ልጆች አንዷ ቢሮዬ መጣች። ታሚካ ሩፊን ትባላለች፤ ሚሲሲፒ፣ ግሪንውድ ያደገች፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ኳስ አቀባይ ናት። ቁመቷ አጭር ነው፤ ግን ኳስ ይዛ ስትዞር ትልልቆቹ ልጆች እግራቸው ይተሳሰራል። አምና በእሷ ብርታት ቡድኑ ከስንት ዓመት በኋላ ለክልሉ ውድድር አንድ ጨዋታ ሲቀረው ቀረ። ዘንድሮ የማይቀር ነው ብሎ ከተማው በሙሉ ይጠብቅ ነበር።

ታሚካን ያሳደገቻት አክስቷ ኦዴል ናት። ባለፈው ክረምት አክስቷን ግማሽ ጎኗን ያዛትና ታሚካ በአውቶቡስ ሄዳ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል አብራት ከረመች። እዚያ አንዲት ነርስ በሽተኛ ሳያመው እንዴት ተገላብጦ እንደሚተኛ፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ሳይነሳ አንሶላው እንዴት እንደሚቀየር አሳየቻት። ስትመለስ ላገኘችው ሰው ሁሉ የምታወራው ስለዚያች ነርስ ነበር። ለማንም ሳትነግር አመለከተችና የኮሌጃችን የነርስ ትምህርት ክፍል ተቀበላት። ማክሰኞ ዕለት የትምህርት ክፍል መለወጫ ፎርሙን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። እስከ ዓርብ ሬጅስትራር ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"ሚስ ዶሪን፣ ከእርስዎ ፊርማ በቀር የጎደለ የለም" አለችኝ።

ፎርሙን ተቀብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። ሕጉን አንቺም ታስታውሽው ይሆናል፤ ሦስተኛ ዓመት የሚጀምር ተጫዋች የሚማርበትን ዲግሪ አርባ በመቶ ማጠናቀቅ አለበት። ይህ ማለት ከመቶ ሃያው አርባ ስምንት ክሬዲት ነው። ታሚካ ሃምሳ አራት ነበራት፤ ግን "ጠቅላላ ጥናት" በሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ያስገባኋት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ልምምድ የማይነኩ፣ ጉዞ የማያደናቅፉ ኮርሶች መርጬላት። ከሃምሳ አራቱ ውስጥ ለነርስነት የሚያዙላት ሠላሳ ሦስት ብቻ ሆኑ። አሥራ አምስት ክሬዲት ጎደላት። ትምህርቱን ከቀየረች ዓመቱን ሙሉ አትጫወትም።

ነገርኳት። ሰማችኝና ሁለት ዓመት ስትማር የከረመችው ታዲያ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም ጥሩ ትምህርት ነው፣ ለብዙ ሥራ ያገለግላል ምናምን አልኳት። መልሱን ስትጠብቅ ዓይኔን አላየችኝም፤ ከመለስኩላት በኋላ ግን አየችኝ።

"ይሁን፣ አልጫወትም" አለች። "ፎርሙን ያስገቡልኝ።"

እንደወጣች፣ ወሬው የደረሰው አሠልጣኟ ሩስ ብራማን ገባ። ሩስን ክፉ ሰው ነው ልልሽ አልችልም። የታሚካ አክስት የታመመች ጊዜ ልጅቷን ራሱ መኪናው ውስጥ አስገብቶ ዊቺታ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው። ግን ውሉ በጸደይ ያልቃል፤ ሚስቱም ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዛለች። በሩን ዘጋና ቆመ።

"ዶሪን፣ አንድ ዓመት ብቻ ነው የምለምንሽ። ነርስነት የትም አይሄድ። በሚቀጥለው ዓመት ታመለክታለች።"

ልጅቷ እኮ ወስናለች አልኩት።

"ሃያ ዓመቷ ነው፤ በየሳምንቱ ነው የምትወስነው። ወረቀቱን አስቀምጪው። ዓርብ ካለፈ ያልፋል። ማንም አይጠይቅሽም።"

እሺም እምቢም አላልኩትም። እሱ ሲወጣ ግን ፎርሙን መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። አዎ፣ አስገባሁት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋለ። ሐሙስ ጠዋትም እዚያው ነበር። ሌላ ሥራ እንዳለኝ ሁሉ የእግር ኳስ ልጆችን ፋይል እየገለጥኩ ስዘጋ ዋልኩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታሚካ መጣች። ልምምድ ላይ ስለነበረች ፎጣ አንገቷ ላይ ነበር። አልተቀመጠችም። የነርስ ትምህርት ክፍሉ ስሟ ገና እንዳልደረሰው እንደነገራት አወራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ክፍሉ ሞላ እንዴ ሚስ ዶሪን?" አለችኝ።

አዎ ሞላ ልላት ነበር። እውነቴን ነው ግሬታ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልጅቷም ታምነኝ ነበር፤ እንዲያውም መልሱን እራሷ አዘጋጅታ ነው የሰጠችኝ። ግን አላልኳትም። ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይቼ እነግርሻለሁ።

መሳቢያውን ሳብኩና ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። ከማክሰኞ ጀምሮ እዚያ እንደነበረ፣ ያስቀመጥኩትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። የሩስን ስም አላነሳሁም፤ ወረቀቱን ያስገባው እጅ የኔ ነው።

ወረቀቱን አንስታ ግራና ቀኝ አገላበጠችው።

"ልትነግሪኝ ነበር?"

አንቱታው ቀርቷል። አላውቅም አልኳት። እውነቱም ያ ነው።

"እሺ ፈርሚ" አለችኝ። "እኔው ነኝ የማደርሰው።"

ፈረምኩ። እስከ ሬጅስትራር ድረስ ከኋላዋ ተከተልኳት፤ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አላየችኝም። ሠራተኛዋ ማኅተሙን ስትመታ ቆማ አየችና ቅጂውን ተቀብላ ወደ ልምምዷ ተመለሰች። የማትጫወትበት ቡድን ልምምድ ነው እንግዲህ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን በአጭሩ ልንገርሽ። ሩስ ለሁለት ሳምንት ሰላምታ ነሳኝ። ከዚያ አንድ ቀን መኪና ማቆሚያው ላይ አስቁሞኝ "ቢያንስ ቀድመሽ ብትነግሪኝ" አለኝ፤ ድምፁ የተናደደ ሰው ሳይሆን የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። የመክፈቻውን ጨዋታ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ተሸነፍን። ገበያ ውስጥ ወተት ሳነሳ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ "ልጅቷን ከሜዳ ያስቀረሻት አንቺ ነሽ አሉ" አለኝ። አይደለሁም ማለት አማረኝ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመረጥኩላት ኮርስ ትዝ አለኝና አዎ እኔ ነኝ አልኩት።

ታሚካስ? ምነው ደስ የሚል ወሬ በኖረኝ። በኦክቶበር መጀመሪያ የሰውነት አካላት ትምህርት ፈተና ተፈተነችና ከመቶ ስድሳ አንድ አገኘች። ማለፊያው ሰባ አምስት ነው። ሁለት ጊዜ ከወደቀች ከክፍሉ ትወጣለች፤ የስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድሏም ለሚቀጥለው ዓመት መቀጠሉን ማንም አላረጋገጠላትም። የፈተናውን ወረቀት ይዛ ቢሮዬ ገባች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም ነበር። ዓይኖቿ አብጠዋል። እኔ ቸኩዬ ማባበል ጀመርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ መሠረቱን ሳትይዢ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ፣ ቀለል ያሉ ኮርሶች ባልሰጥሽ ኖሮ እያልኩ። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

"ተይ፣ ይሄኛውን እኔው ራሴ ነኝ የወደቅሁት" አለችኝ።

የመጣችው አስጠኚ እንድፈልግላት ነበር። ፈለግሁላት። ሁለተኛውን ፈተና ሰባ ሰባት አመጣች። ሦስተኛው ከምስጋና ቀን በኋላ ነው፤ ምን እንደምታመጣ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ በሜዳችን ስንጫወት ከተመልካቹ መካከል አየኋት። አልጠራችኝም፤ እኔም አልሄድኩባትም። ጓደኞቿ ኳስ በነጠቁ ቁጥር እግሯ ወለሉን ይመታ ነበር።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልምጣ።

በ2009 ጃንዋሪ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እንዳስመዘግብሽ ቢሮዬ መጥተሽ ነበር። ያለ እሱ ኮርስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንደማይቀበልሽ እኔም አንቺም እናውቅ ነበር። ውጤትሽ ሁለት ነጥብ አንድ ነበር። በዚያ ኮርስ ብትወድቂ ከሁለት በታች ትወርጂና የመጨረሻ ዓመት የመረብ ኳስ ጨዋታሽ ይቀር ነበር። እኔ ክፍሉ ሞልቷል አልኩሽ። ቀደም ብለሽ መምጣት ነበረብሽ ብዬም ተቆጣሁሽ። በምትኩ የመዝናኛ ቦታዎች አስተዳደር የሚባል ኮርስ አስገባሁሽ።

ክፍሉ አልሞላም ነበር። ሰባት ወንበር ባዶ ነበር።

ለአንቺ ብዬ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ኖሬያለሁ። እሱ ብቻ አልነበረም። ያኔ አዳራሹ በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት ሰዎች ሳይቀሩ "የግሬታ እናት" ይሉኝ ነበር፤ ያንን ስም ወድጄው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለፍጻሜ ደረሳችሁ፤ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ከዚያ ሦስት ትምህርት ቤት አመልክተሽ ሦስቱም ኬሚስትሪ ጎድሎሻል ብለው መለሱሽ። ወጥ ቤት ቆመሽ ለአባትሽ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘግይቼ ነው የተመዘገብኩት" ስትዪው ሰምቻለሁ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ።

ኬሚስትሪውን ታልፊው ነበር? ትወድቂው ነበር? እኔ አላውቅም፤ አንቺም እንዳታውቂው አደረግሁሽ። ታሚካ ያንን ስድሳ አንድ ይዛ ስትወጣ ከኋላ እያየኋት የማስበው ስለ አንቺ ነበር።

ለአባትሽ ባለፈው ሳምንት ነገርኩት። ጋራዥ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ "ለእሷ እንጂ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ" ብሎ ወረቀትና እስክርቢቶ አመጣልኝ። በሜይ ሥራዬን እለቃለሁ፤ ማንም አላስወጣኝም፣ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት።

መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። ብትጽፊ ግን የተሰማሽን ሁሉ እንደመጣልሽ ጻፊው፤ ለእኔ ብለሽ አታለስልሺው። ወይም አንድ ቀን ለአባትሽ ደውይለትና እኔን ስልኩ ላይ አታቅርቢኝ፤ አልቀየምሽም።

ፈጣሪ ከዚያ ከቀዝቃዛው ባሕር ይጠብቅሽ፤ ደግ ሰው አጠገብሽ ያኑርልሽ፤ የእጆችሽን ጤና አይንሳሽ።

ትናንት ኮሌጁ ምድር ቤት ወርጄ የዚያን ዓመት የምዝገባ መዝገብ ፈልጌ አየሁት። የመጣሽው ምዝገባው በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ስምሽ ከላይ አራተኛው ነው። አልዘገየሽም ነበር፣ ልጄ።

እናትሽ
ዶሪን