ለዓይንሽ ብዬ ያላስነቀልኩት ጥርስ

ብርቄ፣ የቤቴ ጌጥ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ለእናቴ እንኳ የምትጽፊልኝ አንቺ ነበርሽ፤ እኔ ከጎንሽ ተቀምጬ «ሰላም በያት» ከማለት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ዛሬ የምነግርሽን ግን በሌላ ሰው እጅ አላስጽፈውም።

ያው ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ነን፣ ቤቱን አልለቀቅንም። ዘንድሮ ነዳጅ ስለጠፋ ሐፍላ አውቶቡስ ለመሳፈር ሰልፉ አይጣል ነው፤ አርካዊት ሰፈር ፍሪጅ ልጠግን ስሄድ ብዙ ቀን ግማሹን መንገድ በእግሬ እጨርሰዋለሁ። ልጃችን ማርታ አሥራ አምስት ዓመቷን ያዘች። በቁመት አንቺን አልፋለች። አማርኛዋን የምታርሚው አንቺ ስለነበርሽ አሁን ከአረብኛ ጋር ስታደባልቀው እየሰማሁ አልፋለሁ። የስፌት መኪናሽ እንደተሸፈነ ነው። ናፍቀሽኛል፣ በጣም ናፍቀሽኛል።

ባለፈው ወር ማርታ ራሴን አመመኝ ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ አንገቴን አለች። ሁሉን አዋቂው ባልሽ ወዲያው ፈረድኩ። አንገቷን ደፍታ ስልክ ላይ ስለምትውል ነው ብዬ ስልኳን ቀማኋት። በአራተኛው ቀን ምሳ ስንበላ ልብ ብዬ ሳያት በአንድ ወገን ብቻ ነው የምታኝከው።

አንቺንም እንዲያ ነበር የጀመረሽ። መጀመሪያ ጥርስሽን አመመሽ፣ ከላይ በግራ በኩል። ገበያው አጠገብ ያለው የጥርስ ሐኪም አይቶ ይነቀል አለ። አንቺም እሺ ብለሽ ወንበሩ ላይ ተቀምጠሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ነበር። እጅሽን ይዤ ያስነሳሁሽ እኔ ነኝ። የላይ ጥርስ ሥሩ ከዓይን ጋር የተያያዘ ነው፣ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል እያለች ነው እናቴ ያሳደገችኝ፤ የመንደራችንን አንድ ሽማግሌም በምስክርነት ትጠራ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውዬው ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊትም በሰው ተመርቶ ነበር የሚሄደው። አንቺ ደግሞ በዓይንሽ የምትኖሪ ሰው ነበርሽ። የካርቱም ሐበሻ ለሰርግና ለክርስትና የሚለብሰውን ቀሚስ የምትጠልፊ፣ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ የምታሾልኪ። ዓይንሽን ላድን ብዬ ነው ብርቄ። ክፉ አላሰብኩም።

ጥርሱን በቅርንፉድ አስታገስነው። ሕመሙ ግን ወደ ጆሮ ግንድሽ፣ ወደ ራስሽ፣ ከዚያም ወደ አንገትሽና ወደ ትከሻሽ ዞረ፤ እኛም ጥርሱን ረሳነው። ምች ነው ሲባል በመተማ በኩል ዳማከሴ አስመጣሁልሽ። ወለምታ ነው ሲባል ወጌሻ ጠራሁ፤ አንገትሽን በሰሊጥ ዘይት ሲያሽሽ ጩኸትሽ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ አቀርቅረሽ ስለምትሰፊ ነው ብዬ መኪናውን ሸፈንኩት። ለስፌት ስል ዓይንሽን አዳንኩ፣ ለአንገትሽ ስል ስፌቱን ከለከልኩሽ። ያን ቀን ያለቀስሽው አሞሽ እንዳልነበረ አሁን ይገባኛል። በአንድ ወገን ስታኝኪ ደግሞ እንደ ፍየል እያልኩ አሾፍብሽ ነበር፤ አንቺም ጉንጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ ትስቂልኝ ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆይተሽ ፊትሽ አበጠ። ሆስፒታል ስንደርስ ትኩሳቱ አፍሽን ይዞት መናገር አቅቶሽ ነበር። ሐኪሙ መግሉ ከጥርስሽ ሥር ተነስቶ ደምሽ ውስጥ ገብቷል፣ ዘግይታችኋል አለኝ። ለምን በጊዜ አላስነቀለችውም ብሎ ሲጠይቀኝ «ወላሂ ዶክተር፣ ፈርታ ነው» አልኩት። በሦስተኛው ቀን አረፍሽ። ለቅሶው ላይም ሰዉ «ምስኪን፣ ሐኪም ፈርታ» ሲል አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፤ እኔን አደረገኝ።

ማርታን ግን የዚያን ምሳ ዕለት ወደ ጥርስ ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሱዳናዊት ናት። ጥርሷ እስከ ሥሩ ተቦርቡሯል አለችን፤ የታመመውን ላለመንካት መንጋጋዋን አጥብቃ ስለምትይዝና በአንድ ወገን ስለምታኝክ የመንጋጋዋ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሕመሙም ወደ ራሷና ወደ አንገቷ ይሄዳል አለች። ራስ ምታት ሁሉ ከጥርስ አይመጣም፣ ጥርስን ሳያዩ ማለፍ ግን አይገባም ብላ ጨመረች። እኛ ሁለት ዓመት የተንከራተትንበትን ቁጭ ብላ በሁለት ደቂቃ ነገረችኝ።

መነቀል አለበት ስትል ማርታ ወደ እኔ ዞረች።

«ባባ፣ ዓይኔስ?»

የሷም የላይ ጥርስ ነው። ያንን ነገር የሰማችው ከእኔ ነው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ውሸት ነው» አልኳት።

ተነቀለላት። ወጥተን ጥላ ሥር እንደቆምን ጥጡን እንደነከሰች አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ማዶ ያለውን የሱቅ ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ሌላውን ሸፍና ደገመችው። ሁለቱም ያያሉ። እዚያው መንገድ ዳር ነገርኳት። እናትሽ አልፈራችም፣ ከወንበሩ ያስነሳኋት እኔ ነኝ አልኳት።

ይኸው ሳምንት ሆነን፣ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን አትበላም። ራስ ምታቱ ለቋታል፣ አንገቷም ተፍታቷል። ቁጣዋን ተይው ብዬ አልለምናትም፤ ይገባኛል። አንቺንም ይቅር በይኝ አልልሽም። መልስ ከማይመጣበት ይቅርታ መለመን ለራስ መፍረድ ነው።

አንድ ቃል ግን እገባልሻለሁ። ራሱን በሻሽ አስሮ፣ አንገቱን ይዞ የሚያቃስት ሰው ባየሁ ቁጥር ጥርስህን ታይተሃል ወይ እለዋለሁ። ብርቄ የምትባል ሚስት ነበረችኝ ብዬ ታሪክሽን እነግረዋለሁ። ፈርታ ነው ወይ ካለኝ፣ አይደለም፣ እሷ ተቀምጣ ነበር፣ ያስነሳኋት እኔ ባሏ ጌታሁን ነኝ እለዋለሁ።