በላዳዬ ክላክስ ሰበብ ስለተነጠቀው የውኃ ተራችን

ለተከበሩ አቶ ኃይለ መስቀል
የውኃ ቦቴ ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎ ጥንካሬ፣ ለስብሰባዎችዎም እንደ ልማዳቸው ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ወንድዬ ጌታሁን እባላለሁ፤ በቀራንዮ ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለቱ ሠፈር ነዋሪ ነኝ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ስላቋረጥኩ የደብዳቤ ሥርዓት ብስት እንዲታገሡኝ፣ መታገሥ ካቃተዎትም ኮሚቴ እንዲያቋቁሙብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ደብዳቤውን በየመብራት ምሰሶው መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ አምስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አምስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ደግሞም ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእኔ ጥፋት ነውና ጎረቤቶቼም ሊያነቡት ይገባል። ፊታቸው ቆሜ ለመናገር ሞክሬ ምላሴ እምቢ አለኝ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ ምስጋና። የሠፈራችን ሰው ቧንቧ ይግባልን ብሎ ያመለከተው እኔ የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነበር፤ መልሱም «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነበር፤ ሂደቱ ጫማ ቢኖረው ኖሮ እስካሁን ሶሉ ባለቀ። በቧንቧው ፈንታ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የውኃ ቦቴ ይላክልን ነበር። ቀኑን ቢሮዎ እንደ አገር ምስጢር ስለሚይዘው የቦቴውን መምጣት የምናውቀው ሾፌሩ አቶ ሁንዴ ከላይ መታጠፊያው ላይ ቆመው ክላክሳቸውን ሦስት ጊዜ ሲነፉ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሠፈሩ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። ይህችን ተራ ለመስጠት ስድስት ዓመት የፈጀው ቢሮዎ ለመንጠቅ የፈጀበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። «የቁልቁለቱ ሠፈር ነዋሪዎች የውኃ ፍላጎት እንደሌላቸው በመረጋገጡ ተራው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውሯል» የሚለውን ማስታወቂያ ሳነብ፣ ለካ ቢሮው መሮጥ ይችላል፣ ችግሩ አቅጣጫ ብቻ ነው ብዬ አደነቅሁ።

2ኛ. ስለ ላዳዋ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጡረተኛው የታክሲ ሾፌር ከአቶ ገብረወልድ አንዲት ላዳ ገዛሁ፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ የተላጠ፣ የኋላ በሯ በገመድ የታሰረ፣ በዕድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ «አንቺ» ለማለት የምታሳፍር። ቁልፉን ሲያቀብሉኝ «ልጄ፣ ልትነዳት ነው ወይስ ልታስታምማት?» አሉኝ። አስታመምኳት። ከታች ዝቅ እንድትል ሞላዋን አስቆረጥኩ፣ ሰፋፊ ቸርኬ አለበስኳት፣ አረንጓዴ ቀባኋት፤ ቀለሙ ስላለቀብኝ አንዱ በሯ ሌላ ዓይነት አረንጓዴ ነው። የተከበሩ ሆይ፣ በዚህ ከተማ እንደ እኔ ያለ ሰው በራሱ እጅ አሳምሮ «ይኼ የእኔ ሥራ ነው» የሚለው ነገር ብዙ አይደለም። እኔ አንዲት ካቻቢቴና አንዲት ላዳ ነበሩኝ፤ እሑድ እሑድ ከሥሯ ተጋድሜ ስፈታና ስገጥም ከማንም አላንስም ነበር።

ይህን የምነግርዎት አንጀትዎን ለመብላት አይደለም፤ ቀጥሎ ያደረግሁትን ሲያነቡ ከደህና ነገር እንደተነሣሁ እንዲያውቁልኝ ነው። ምናለሽ ተራ ስዞር ከተበታተነ የውኃ ቦቴ የወጣ ክላክስ አገኘሁ። ጓደኛዬ መካኒኩ ታዲዮስ ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የንፋስ ጋን ኮፈኑ ሥር ሸጉጦ ሲገጥመው «ወንድዬ፣ አይጥ ሆድ ውስጥ አንበሳ እየቀበርክ ነው» አለኝ። ነፋነው፤ የአቶ ሁንዴ ቦቴ ቁርጥ! ሰው የሆነ ሰው እዚያው ላይ ያቆም ነበር።

3ኛ. አላቆምኩም። አንድ ማለዳ ከላይ መታጠፊያው ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ነፋሁት። አቶ የኔሰው ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ግማሹን በሳሙና አረፋ እንደሸፈኑ ሁለት ጀሪካን ይዘው ወጡ፤ እትዬ ሰርኬ አንድ እግራቸው ላይ የባላቸውን ጫማ አድርገው በረሩ። ላዳዋን ሲያዩ አቶ የኔሰው «አንተ የሠፈር ወስፋት! ቦቴ ወልደህ መጣህ?» ብለው ጀሪካኑን ወረወሩብኝ፤ እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ በሳቅ ሞትኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በጠቅላላው አራት ጊዜ ነፋሁት። በአራተኛው ከእትዬ ዘመነች በቀር የወጣ አልነበረም። እትዬ ዘመነች የሰው ልብስ አጥበው የሚያድሩ ናቸው፤ ውኃ ከሌለ እንጀራቸው የለም፤ ስለዚህ ቢጠረጥሩም መቅረት አይችሉም። ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ቆመው «ምነው ልጄ፣ በእኔ እንኳ?» አሉኝ። ያን ጊዜም ሳቅሁ። የተከበሩ ሆይ፣ ከሁሉ የሚቆጨኝ ያ ሳቅ ነው።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ዕለት፣ እውነተኛው ቦቴ መጣ። እኔና ላዳዋ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ልናስበይድ ጦር ኃይሎች አካባቢ ነበርን። አቶ ሁንዴ ነፉ፤ ማንም አልወጣም። ደግመው ነፉ፤ እትዬ ዘመነች ከቤታቸው ሆነው «ንፋ! ሳንባህ እስኪፈርጥ ንፋ!» ብለው ጮኹ። ቦቴው ሙሉውን ተመለሰ።

4ኛ. ከዚያ የባሰው። ማስታወቂያዎ የተለጠፈ ዕለት ሠፈሩ ተሰብስቦ ጠየቀኝ፤ «ባለፈው ሐሙስ የነፋኸው አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ። አይደለሁም ብል፣ የመጣው ቦቴው ነበረ፣ ያስመለስኩትም እኔ ነኝ ማለት ሊሆን ነው። ስለዚህ «አዎ፣ እኔ ነኝ!» ብዬ ገለፈጥኩ። ትንሹን ጥፋት ለብሼ ትልቁን ሸፈንኩበት። እነርሱም አምነውኝ «ቦቴው ፈጽሞ አልመጣም፣ ሾፌሩ ውኃችንን ሸጦታል» የሚል አቤቱታ ጻፉልዎት። ሦስተኛው ፈራሚ እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም ከሁሉ ያምራል። ቢሮዎ «ቦቴው መጥቷል» ሲል ሠፈሩ «አልመጣም» ሲል፣ በመካከል አቶ ሁንዴ ሌባ ተብለው ሲብጠለጠሉ፣ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ሆኜ አምስት ሳምንት ዝም አልኩ።

አምስት ሳምንት ለእትዬ ዘመነች ብዙ ነው። ልብስ ያሳጥቧቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሄዱ። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የደረቀውን መዘፍዘፊያቸውን ደፍተው ተቀመጡበት። ከዚያ «ጥፋቱ የእኔም ነው ልጄ፤ አንድ ጊዜ ወጥቶ ማየት ምን ነበረበት» አሉኝ። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

5ኛ. ስለ ምርመራ ዘዴዎ አድናቆት። እትዬ ዘመነች ወጥቼ ማየት ነበረብኝ ብለው ራሳቸውን ወቀሱ፤ አራት ጊዜ ተታለው በአምስተኛው ስለቀሩ። ቢሮዎ ግን ማንም ሳያታልለው፣ አርባ ቤት ድንገት መጠማት አቆመ ሲባል አንድ ሰው ልኮ አንድ በር አላንኳኳም። ጥማትን በክላክስ የሚለካ ባለሙያ ስላፈሩ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ በቀልድ የጀመርኩትን እርስዎ በማኅተም ስለጨረሱት፣ ሥራችንን አብረን እንደሠራን ቆጥሬ አመሰግናለሁ።

ስለዚህ የምለምነው እነሆ። ተራችን ይመለስልን። አቶ ሁንዴ መጥተው መንፋታቸው፣ የሸጡትም ጠብታ እንደሌለ በማኅተም ይጻፍላቸው። ቅጣት ካለም በእኔ በወንድዬ ስም ይውጣ፤ ሠፈሩ አይጠማበት። በበኩሌ ክላክሱን ፈትቼ ለመዝገብ ቤትዎ አስረክቤአለሁ፤ ጸሐፊዋ «ይህ በየትኛው ፋይል ይገባል?» ብላ ተቸግራለች። የላዳዋን የኋላ ወንበር አውጥቼ ስምንት ጀሪካን አስገብቼበታለሁ፤ ከሌላ ሠፈር እቀዳለሁ፤ በመጀመሪያም ለእትዬ ዘመነች ነው። ጭነቱ ሲከብድ ሆዷ አስፋልት እየላሰ ስለተቸገርኩ ዝቅታዋን ትቼ ረጅሙን ሞላ መልሻለሁ፤ አሁን እንደ ማንም ላዳ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ቁመናዋን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰበራል፤ ይሰበር። ነገር ግን ስምንት ጀሪካን ለአርባ ቤት እንደማይደርስ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠም ያውቀዋል፤ ዲግሪ ያለው ደግሞ አጣርቶ ይደርስበታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥፋቱን ከክቡር ቢሮዎ ጋር ለመካፈል የማይሰስት፣
ከግማሽ በላዩ ግን የራሱ መሆኑን የማይክድ፣
ቦቴው ሲመጣ ጀሪካን ተሸካሚ ለመሆን በዚህ ደብዳቤ በሠፈሩ ፊት የማለ
ታዛዥዎ ወንድዬ ጌታሁን

ግልባጭ፦
ለአቶ ሁንዴ፣ ከእግር ሥር ይቅርታ ጋር
ለአቶ የኔሰው፣ ዱላ ከማንሣታቸው በፊት እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት

ማስታወሻ፦ በአምስተኛው ቀጠሮዬ ስጠብቅዎ ቆይቼ፣ ላዳዋን ስገፋ የቆሸሸ እጄን ልታጠብ በቢሮዎ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር። ቧንቧውን ብከፍተው አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። የተከበሩ ሆይ፣ ምናልባት ለእርስዎም ተነፍቶልዎ ስብሰባ ላይ ሆነው ሳይወጡ ቀርተው ይሆን? በዚያኛው ግን፣ መድኃኔዓለምን፣ እኔ የለሁበትም።