የእርሳስ ወታደሮችህ ዳኛ ፊት ቀረቡ

ይድረስ ለተሰማ፣

በሰው ፊት «አንቱ» ስልህ ኖሬ፣ በሩ ሲዘጋ «አንተ» እልህ እንደነበር ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም። ዛሬም በሩን ዘግቼ ነው የምጽፍልህና አንተ እልሃለሁ። ከተለየኸኝ ሙት ዓመትህ አልፎ ይኸው ሁለተኛው ፍልሰታ ገባ። «እንደምን ከረምህ» ብዬ ልጀምር ስል ብዕሬ ቆመብኝ። መመለስ የምትችል ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፤ ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ወታደሮችህ ነው። አሉ። ሁሉም አሉ። የደረሰባቸውን ብነግርህ ግን አታምነኝም። እስኪ ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ወሬ ከሥሩ ካልጀመርኩ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ።

ቤቱ ደህና ነው። የፊት ለፊቱን ክዳን ሣሩን አስነሥቼ ቆርቆሮ አስመታሁበት። ዝናብ ሲጥል እንደ ነጋሪት ስለሚጮህ ጎረቤት የሚያወራውን መስማት አልቻልኩም፤ ይኸ ለእኔ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ አንተው ፍረድ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አዳዲስ ሱቆች ተሠርተዋል። ግሪኩ ሙሴ ያኒም ሱቁን አስፍቶ፣ ከላምባና ከምስማር ሌላ ጃንጥላ መሸጥ ጀምሯል። የአዳማ ነፋስ ግን ያው ነው፤ አቧራውን ከጓዳ ወደ እልፍኝ ያመላልሰዋል። በጠረጴዛህ ላይ ያረፈውን በላባ አራግፋለሁ እንጂ ጨርቅ አላስነካውም። ጨርቅ ጦራቸውን ይሰብረዋል እያልክ ስትቆጣኝ ኖረሃልና።

ጠረጴዛህም እንደተውከው ነበር፤ በሁለት በርሜል ላይ ያጋደምከው አሮጌ በር፣ በጭቃ የሠራኸው ኮረብታ፣ ከሰማያዊ ቀሚሴ ቀደህ ያነጠፍከው አዋሽ፣ በላዩም በሽቦና በክብሪት እንጨት የገጣጠምከው የባቡር ድልድይ፣ ከማዶውም ጣቢያውና የስልክ ሽቦው። ከመጋዘን ሥራህ ስትመለስ የዕቃ ፉርጎ ታሽጎበት የተጣለውን እርሳስ በኪስህ ለቅመህ ትመጣ ነበር። አንተ አቅልጠህ ታፈስሰዋለህ፣ እኔ በዶሮ ላባ ጫፍ ቀለም እቀባለሁ። መጀመሪያ ሱሪያቸውን ነጭ ብቀባልህ «ዘማች ሱሪው እንዲህ ጸድቶ አያውቅም» ብለህ እንደገና አስቀባኸኝ። ከጣት አንጓ ለማይበልጥ ፈረሰኛ ዓይን ልሠራ ትንፋሼን ይዤ ስቀመጥ፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ያን ሁሉ ዓመት ፈረንሳይኛና ሒሳብ ያስተማሩኝ ለዚህ ኖሯል እልህና እንስቅ ነበር። ደስታዬ ያኔ ነበረ፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚመጡት እነዚያው ናቸው፤ ሙሴ ያኒ፣ ሽማግሌው ዘማች ባሻ ወርዶፋ፣ ከጣቢያው ስልክ ቤትም መኩሪያ። ጭቅጭቃቸውም ያው ነው፤ በማን ሕግ እንጫወት? ሙሴ ያኒ ያገሩን ሕግ አይለቅም። ነጠብጣብ ያለባቸውን ሁለት የአጥንት ጠጠሮች ይጥላል፣ የወጣው ቁጥር የሚወድቀውን ይወስናል። አንድ ጊዜ ባገሩ ሲጫወት አንድ ከበሮ መቺ ብቻውን ሙሉ ጭፍራ ከድልድይ መለሰ እያለ ዛሬም ያወራዋል። ባሻ ጠጠር አይወድም። በረሃ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነውና በጠረጴዛም ላይ ቢሆን በቅሎው ውሃ ካልጠጣች አይንቀሳቀስም፤ ስንቅ ያልደረሰው ጦር ይራባል፣ የጋለበ ፈረሰኛ አንድ ተራ ያርፋል። እናንተ የምትጫወቱት ሠርግ ነው እንጂ ጦርነት አይደለም ይለናል። የአንተ ሕግ ደግሞ ከሰንጠረዥ ጨዋታ የተወሰደችው ናት፤ የመጀመሪያው ሰው እስኪወድቅ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ጦሩን እንዳሻው ያሰማራል፤ ይኸ ወረራው ነው። አንድ ሰው ከወደቀ በኋላ ግን ወረራው አበቃ፤ አንድ አንተ፣ አንድ እኔ፤ ንጉሡ የተያዘበት ተሸነፈ። ሦስቱን ሕግ ባንድ ውጊያ የሞከርንበት ቀን ትዝ ይልሃል? የሙሴ ያኒ ጠጠር የባሻን በቅሎ ገደለና ባሻ «የሞተችው ተጠምታ ነው እንጂ በጠጠር አይደለም» ብሎ አልስማማም አለ። ሳቅህ ጣቢያው ድረስ ይሰማ ነበር።

መከራው የመጣው በባሻ ሕግ ስንጫወት ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በአንዱ እሑድ፣ ጨዋታው ሳያልቅ መሸና ተነሡ። ባሻና መኩሪያ ባንድ ወገን ነበሩ። ደጃፍ ላይ ቆመው ሲሰነባበቱ ባሻ በዚያ በምታውቀው ድምፁ፣ «እኔ ድልድዩን ስይዝ አንተ የስልኩን ሽቦ ቁረጥ» አለው። መኩሪያም ነጠላውን እያጣፋ፣ «እሑድ ቆርጬ አሳይዎታለሁ» አለ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሰማቸው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ እኔም አልፈርድበትም። የስልክ ቤት ሠራተኛ የስልክ ሽቦ ሊቆርጥ ቀጠሮ ሲይዝ የሰማ ሰው ምን ያስብ? የሹም ሽር ወሬ በዝቶ፣ ሰው የገዛ ጥላውን የሚጠረጥርበት ወቅት ነበር።

መኩሪያን ከሥራው ላይ ወስደው ዳኛው ግቢ አሰሩት። ሚስቱ አራስ ናት፤ ገና ክርስትና እንኳ አልተነሣም ሕፃኑ። እኔ ገንፎ ይዤ ስሄድ «ምን አደረገ?» ትለኛለች፤ ተጫወተ ብዬ ልንገራት? ባሻ ወደ ቤቴ ሲመጣ «አካም ቡልቴ» ብሎ እንዴት አደርሽ ማለቱን እንኳ ረስቶት ነበር። ልሂድና እጄን ልስጥ፣ ነገሩ የእኔ ነው አለኝ። አይሆንም አልኩት። አንድ ሰው ሲታሰር ጥርጣሬ ነው፣ ሁለት ሲሆን ግን አድማ ይሆናል። እኔ እሄዳለሁ አልኩና ሄድኩ። ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ለዳኛው አስረዳሁ። ዳኛው ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ኩታውን እስከ አፍንጫው የሚከናነብ ሰው ነው። ብዙ አወራሁ፤ ሰማኝና፣ «ጨዋታ ከሆነ መጥቼ አያለሁ» አለ።

ተሰማ፣ እህል አልበላልህ አለኝ። የፈራሁት መምጣቱን አይደለም፤ በማን ሕግ እንደማሳየው ነው። በሙሴ ያኒ ሕግ ካሳየሁት ጠጠር አይቶ ቁማር ቤት ነው ይለናል። በባሻ ሕግ ካሳየሁት ደግሞ ስንቁ፣ ውሃው፣ ድልድዩና ሽቦው ሁሉ እንደ እውነቱ ነውና፣ መኩሪያን በገዛ እጄ መስቀሌ ነው። ባሻን አፍህን ያዝ አልኩት፤ ሙሴ ያኒን ጠጠርህን ኪስህ ክተት አልኩት። ያንተን ሕግ ዘረጋሁ። ሰንጠረዥ የማያውቅ ሹም አይኖርም ብዬ ነው የተማመንኩት።

አላፈርኩም። ዳኛው ከአሽከሮቹ ጋር ገብቶ ጠረጴዛውን ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ አዋሹን ለየው፣ ጣቢያውን ለየው። ወረራውን ባሳየሁት ጊዜ ግን ኩታው ከአፍንጫው ወረደ። አንድ ፈረሰኛህን አንሥቶ ዓይኑን ተመለከተና ማን ነው የሣለው አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠ፤ መኩሪያ በእኔ ዋስነት ይውጣ፣ ነገሩ እስኪጣራ ግን ወደ ስልኩ አይመለስ፤ ድልድዩና ጣቢያው ከጠረጴዛው ይነሡ፤ እሱም በየእሑዱ እየመጣ ጨዋታውን ያያል። መኩሪያ ቢጠፋ ወይም ጥፋት ቢገኝበት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ በቤቴም በራሴም። እሺ አልኩ። ምን ልበል ሌላ? ድልድይህን ስነቅል እጄ ላይ ሁለት ክብሪቶች ተሰበሩ፤ ይቅር በለኝ አልልህም፣ ደግሞ የሚጠገን ነው።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ መሆኑ ቀረ። ዳኛው ማየት ብቻ አልበቃውም፤ በሁለተኛው ሳምንት ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። እኛም፣ እንግዲህ ሰው ዳኛን ያሸንፋል? ሙሴ ያኒ ተሸነፈለት። ባሻ፣ ያ በቅሎው ሳትጠጣ የማይንቀሳቀሰው ሰው፣ ጦሩን ሁሉ እየመራ ወጥመድ ውስጥ አስገባለት። መኩሪያ ንጉሡን ሜዳ ላይ ትቶ ይሸሻል። ዳኛው ወረራው ካበቃ በኋላም ተራ ሳይጠብቅ ሁለት ሦስት ሰው ያንቀሳቅሳል፤ እኛ «እሰይ ጌታዬ» እንላለን። እሱ ግን ባሸነፈ ቁጥር ፊቱ ይከብዳል። መኩሪያ ወደ ሥራው ይመለስ ዘንድ ብለምነው፣ ገና ነው ይለኛል። በሄደ ቁጥር ምን አጥፍተን ይሆን እያልኩ የተባለውን ሁሉ ቃል በቃል እመረምራለሁ። ውሻ ከጮኸ፣ የበቅሎ ኮቴ ከተሰማ፣ ሊወስዱን ነው እላለሁ። እኔ፣ ወሬ የማይሰለቸኝ ሴትዮ፣ ቃል እየቆጠብኩ መናገር ጀመርኩልህ።

ያለፈው እሑድ ተራው የእኔ ሆነ። ዳኛው በቀኝ እኔ በግራ ተቀመጥን። ወረራው ሄደ ሄደና የሱ ጦረኛ የእኔን አንድ እግረኛ ጣለ፤ ወረራው አበቃ ማለት ነው። ተራው የእኔ ነበር። እሱ ግን ፈረሰኛውን አንሥቶ ንጉሤ ጎን ሲያሳርፈው አየሁ። ባሻ ሳል አፈነው። ሙሴ ያኒ «ድንቅ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። እኔ አስቤ ነው ብልህ ውሸት ነው፤ አፌ ቀደመኝ።

«ጌታዬ፣ ወረራው አብቅቷል። ፈረሰኛዎ ይመለስ፤ ተራው የእኔ ነው» አልኩ።

አሽከሮቹ ተያዩ። መኩሪያ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያየኛል፤ ገደልሽኝ የሚል ዓይን ነበር። ዳኛው ቀስ ብሎ፣ «በማን ሕግ?» አለኝ።

«በባለቤቴ በተሰማ» አልኩት።

ፈረሰኛውን አነሣና ወደ ነበረበት መለሰው። ከዚያ ተጫወትን፣ በእውነት ተጫወትን፤ እሱም አልማረኝ፣ እኔም አልማርኩት። ያቺን በግራ ክንፍ ዞሮ ከኮረብታው ጀርባ የመውጣት ዘዴህን፣ ሁልጊዜ እኔ ላይ ትሠራብኝ የነበረችውን፣ እሱ ላይ ሠራሁበት። ንጉሡን ስይዝ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምን አደረግሁ ብዬ የመኩሪያን ሚስትና ሕፃን አሰብኩ።

ዳኛው ተነሥቶ ኩታውን አጣፋ። «ይህን ሁሉ እሑድ አንድ ሰው እንዲያሸንፈኝ ስጠብቅ ነበር» አለ። «የሚደብቀው የሌለው ሰው ሲጫወት ለማሸነፍ ነው። እናንተ ግን ሁላችሁም ልትሸነፉልኝ ተሽቀዳደማችሁ፤ እኔም ምን ቢደብቁ ነው ስል ከረምኩ። ዋስትናሽ ተነሥቶልሻል። ሰውየው ነገ ሥራው ይግባ።» ወደ በሩ ሄደና ዞር ብሎ፣ «ያችን በግራ የዞርሻትን ግን እሑድ ታሳይኛለሽ» አለኝ።

አየህ ጉዳችንን? ያዳነን የመሰለን መሸነፋችን ነበር ያሰረን። ባሻ ሲስቅ ሲስቅ እንባው መጣ፤ መኩሪያ ግን ሳይስቅ ተንደርድሮ ወደ ሚስቱ ሮጠ። ሰኞ ጠዋት በጣቢያው በኩል ሳልፍ በስልክ ቤቱ መስኮት ውስጥ ጮክ ብሎ «ሀሎ፣ ሀሎ» ሲል ሰማሁት። ቆሜ አዳመጥኩት፤ ሰው ምን ይለኛል ሳልል።

ፍርሃቱ ጨርሶ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬም የኮቴ ድምፅ ስሰማ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ በሩን አይቻለሁ። ዘመኑ አላማረኝም፤ ነገም ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይሰማል። እስካሁን ግን አንተን ሳስታውስ በልቤ ብቻ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ያን እሑድ ስምህን በዳኛ ፊት ጮክ ብዬ ስጠራው ቤቱ ውስጥ የገባህ መሰለኝ። እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው፤ እፈራለሁ፣ ፈርቼ ግን ስምህን አልውጠውም። የጠየቀኝ ሁሉ ይሰማዋል፣ ያልጠየቀኝም ይሰማዋል፤ አፌ መቼ አርፎ ያውቃል።

ያንተው በላይነሽ