ማሽኑ አጋሮ ሲገባ ይጮሃል

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ሱቅ ዋልኩ። ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ላፕቶፕ ጠገንኩ። ላፕቶፑ ውስጥ በረሮ ነበር፤ ሞቷል። ባለቤቱ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ "ቫይረስ ነው አሉኝ" ብሎ ነው ያመጣው። አውጥቼ አሳየሁት። ቫይረሱ ስድስት እግር አለው አልኩት። አልሳቀም።

ልጄ አቢጊያ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ስማርት ሰዓት ዛሬም አሰርኩ። ልጅ የላከውን አለማሰር ነውር ሆኖብኝ እንጂ... ጠዋት አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስፈልግ "ጎበዝ፣ በርታ" ዓይነት ነገር ጻፈልኝ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ጫማዬን ስላገኘሁ የሚያሞግሰኝ ሰዓት ምን ያደርግልኛል?

ልዘጋ ስል ስልክ። ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ የቡና ገበሬዎች ማኅበር። ነኢማ የምትባል ልጅ፣ ጸሐፊያቸው።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተራችን አልነሳም አለ። ማሎ፣ ማሎ ጋሼ፣ ነገ ይምጡልን።"

ማሎ ብሎ ለለመነኝ ሰው እምቢ ማለት አልችልም። እሄዳለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መንገዱ ሚኒባሱን ሲያንገጫግጨው ሰዓቱ አብሮ ይቆጥራል። አጋሮ ስንደርስ "አሥር ሺህ እርምጃ! እንኳን ደስ ያለህ!" አለኝ። ተቀምጬ እኮ ነው የመጣሁት!

ማሽኑ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። ድሮ ነጭ ነበር፣ አሁን የሻይ ቀለም ይዟል። ዳንቴል ለብሷል። ወደድኩት። አዲሶቹ መሰኪያዎች በሙሉ ሞተውበታል፤ ኪቦርድ የሚቀበለው በዚያች በድሮዋ ክብ ሐምራዊ ቀዳዳ ብቻ ነው።

ባትሪውን ቀየርኩ። ራሙን አውጥቼ በላጲስ ፈተግኩት። ተነሳ! የማኅበሩ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ነገሩ ለካ ቀልድ አይደለም። ነኢማ ሁለት ዓመት በእግሯ ዞራ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ገበሬ ማሳ መዝግባለች፤ የማን ማሳ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ። የውጭ ገዢዎች ሰዎች ኅዳር 3 ይመጣሉ። መዝገቡን በዓይናቸው ካላዩ የማኅበሩ ቡና ከገበያው ቡና ጋር ተደባልቆ ስም የለሽ ይሆናል። ፋይሉን በፍላሽ ገለበጥኩ፣ ግን ከንቱ ነው። ፕሮግራሙን የሠራላቸው ተማሪ ከዚህ ማሽን ሌላ ላይ እንዳይከፈት ቆልፎት ሄዷል። የት ሄደ? የሚያውቅ የለም።

"የሁለት ዓመት እግሬ ነው ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ያለው" አለችኝ።

ሊቀመንበራቸው ሐጂ ቲጃኒ ሰማንያ አልፏቸዋል። ነኢማ ከኪቦርዱ ወዲህ ተቀምጣለች፣ እሳቸው ከጠረጴዛው ማዶ ቆመዋል። ብርዛቸውን ጎንጨት አሉና እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ዓረብኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው ተቀላቅሎ። መጨረሻ ላይ "ቱፍ! ቱፍ!" አሜን አልን። እንዲህ ተመርቆ የተከፈተ ኮምፒውተር አይቼ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ነኢማ ደወለች። "ጋሼ፣ ይጮሃል።"

ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠጋችው። ጢጢጢጢጢጢጢ...

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሲፒዩውን ብቻ ይዘሽልኝ ነይ አልኳት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሲፒዩውን ጭኗ ላይ አቅፋ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ድረስ መጣች። ሱቄ ውስጥ ሰካሁት። ምንም የለበትም! እሷም አየች፣ እኔም አየሁ። ተያየን።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሦስት ቀን ሳላጠፋው ዋለ አደረ። አንድ ጊዜ እንኳ አላነጠሰም። ዛሬ ተሸክሜው አጋሮ። ሰካነው።

ጢጢጢጢጢጢጢ።

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም አዋቂ ነው። አንዱ "ጅማን ለምዶ ነው፣ ከተማ ያየ ገጠር አይመለስም" አለ። ሌላው መብራቱ ነው አለ። ሐጂ "ዐይን ነው" አሉ። "ሰው አይቶት ነው። ምርቃቱ አንሷል።"

አብራርም ነበር። ከበላይ የተላከ ወጣት ባለሙያ ነው፣ ታብሌት ከእጁ አይለይም። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም ነው! ስማርት እንሁን አቦ!" አለኝ። ሳተላይት ሁሉንም ያውቃል አለ። እስቲ የሐጂን ማሳ አሳየን አልኩት። ነካ ነካ አደረገ... ማሳቸውን ወንዝ መሃል አገኘው። ሐጂ አጎንብሰው ትንሽ አዩ።

"እኔ ዓሣ አልተከልኩም" አሉ።

ሁለት ሰዓት ለፍቼ ደረስኩበት። ኪቦርዱ ነው። ቁልፎቹ ተጣብቀዋል። ማሽኑ ሲነሳ የሆነ ሰው ጣቱን ቁልፍ ላይ የረሳ ይመስለዋል፤ አንሳልኝ እያለ ነው የሚጮኸው። ጅማ የሠራው በእኔ ኪቦርድ ነዋ! ሃያ ሁለት ዓመት በሙያው ላይ... ማንም አይስማ።

ባለ ክብ መሰኪያ ኪቦርድ ሦስት ብቻ ነው ያለኝ። ጅማ ውስጥ ሌላ ያለው ሰው አላውቅም። አንዱን ሰጠኋቸው፣ ማሽኑ ተነሳ። ሐጂ በዚህኛው ዙር ጉንጫቸውን ሞልተው መረቁ፤ ለዐይኑም ጭምር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

"ጋሼ..."

አትንገሪኝ አልኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ነኢማ የሞቱትን ሁለት ኪቦርዶች በሚኒባስ ሾፌር ላከችልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ምሳ ልበላ ወጣሁ። ስመለስ ጉንዳን። ከበሩ ሥር ተነስቶ፣ የጠረጴዛውን እግር ወጥቶ፣ ተሰልፎ ኪቦርዱ ውስጥ ይገባል። ቁልፎቹን ነቀልኩ። ቢጫ ነገር፣ የሚያጣብቅ። ቀመስኩት። አዎ ቀመስኩት፣ ማንም አላየኝም።

ማር።

ማር? ኪቦርድ ውስጥ ማር ምን ይሠራል?

...የሐጂ ብርዝ። ቱፍ። ቱፍ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ የልብ ምትህ ጨምሯል አለኝ። አንድ ቀን እውነት ተናገረ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ለነኢማ ነገርኳት። የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

"ወላሂ እኔ አልነግራቸውም። ስወለድ ጆሮዬ ላይ አዛን ያሉት እሳቸው ናቸው።"

"እኔስ? ከጎጃም የመጣሁ ክርስቲያን ነኝ። ሐጂ፣ ዱዓዎ ኪቦርድ ይገድላል ልበላቸው?"

"እርስዎ ባለሙያ ነዎት።"

ማኅበሩ ከተመሠረተ ሐጂ ሳይመርቁት የተጀመረ ነገር የለም አለችኝ። መጋዘኑን፣ ሚዛኑን፣ የጭነት መኪናውን ሳይቀር። እነሱ አይጣበቁማ! ጭራሽ በተበላሸ ቁጥር ምርቃቱን ይጨምራሉ፣ በጨመሩ ቁጥር ይበላሻል። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላሉ። እኔ ምን ብዬ ልናገር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሁለተኛውን ኪቦርድ በላስቲክ ጠቅልዬ ወሰድኩ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ሐጂ አዩት። "ምነው፣ ታመመ?"

"ለአቧራ ነው፣ ሐጂ።"

"ጃንጥላ የዘረጋ ማሳ ዝናብ ያገኛል?"

ላስቲኩን በራሳቸው ጣት ቀስ ብለው ገለጡት፣ የሕፃን ፊት እንደሚገልጥ ሰው። ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ! ሦስት። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሲወጡ ጠብቄ ገለበጥኩት፣ አራገፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከሰዓት ጮኸ።

አንድ ኪቦርድ ቀረኝ፤ ዘጠኝ ቀን ቀረን። ነኢማ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። ያ ባሰብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ሽማግሌ አታለልኩ። እጽፈዋለሁ፣ ይጻፍብኝ።

የሞተውን ኪቦርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ገመዱን ወደ ታች ለቀቅኩት፤ የትም አልተሰካም። ደህናው፣ የመጨረሻው፣ ከጠረጴዛው ሥር ነኢማ ጭን ላይ፣ በሻርፕዋ ተሸፍኖ። ሐጂ ገቡ። ማሽኑ ሲነሳ አዩ፣ ደስ አላቸው፣ የሞተውን መረቁት። ቱፍ! ቱፍ! ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ!

እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። የእሳቸው እጅ ተዘርግቶ፣ የእኔ ዓይን ከጠረጴዛው ሥር... ነኢማ ሳቋን ውጣ "ኃጢአቱ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ" አለችኝ። ይሁን፣ የእኔ ነው። እስከ ኅዳር 3 ብቻ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እንግዶቹ ሁለት ነጮች ናቸው፣ አንድ ተርጓሚ ይዘዋል። መጀመሪያ አብራር ታብሌቱን አወጣ። ታብሌቱ ራሱን ማደስ አማረው። ሠላሳ ሦስት በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። አብራር አወዛወዘው፣ ወደ መስኮት ወሰደው፣ ውጪ ይዞት ወጣ። አልተመለሰም።

ነኢማ ልትጀምር ስትል ሐጂ ወንበር ስበው ማዶ ተቀመጡ። "ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ። ለእንግዳ የምከፍተው እኔ ነኝ" ብለው የሞተውን ኪቦርድ ወደ ራሳቸው አዞሩት።

ነኢማ ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም ከዚያ የተሻልኩ አይመስለኝም።

ሐጂ በሌባ ጣታቸው አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ነኢማ ከጠረጴዛው ሥር ተጫነች። ስክሪኑ ላይ መዝገቡ ተከፈተ! እንግዳው ከወረቀቱ ላይ አንድ ስም መረጠ፤ ዋቅጋሪ የሚባል ገበሬ። ሐጂ ጫን፣ ጫን አደረጉ። ፊደል ወጣ። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጢማቸውን መዳሰስ ጀመሩ... ፊደሉ ግን መውጣቱን አላቆመም። ተርጓሚው ወደ እኔ አየ። እኔ ጣራውን አየሁ።

የዋቅጋሪ ማሳ ወጣ፤ ከነድንበሩ፣ ከነግራር ዛፉ። ወንዝ ውስጥ አይደለም። ሌላ ስም ጠየቁ፣ ወጣ። ሃያ ስም ጠየቁ፣ ሃያው ወጣ። አንደኛው እንግዳ ሐጂን በስልኩ ቪዲዮ ቀረጻቸው። በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ የሚፈጥኑ ሰው አላየሁም አለ፣ በተርጓሚ።

ተቀበሉ። ቡናው በስሙ፣ ለብቻው ይሄዳል። ሰው ሁሉ ተቃቀፈ። ነኢማ ብቻ መነሳት አልቻለችም፤ ኪቦርዱ ጭኗ ላይ ነው። እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ትናንት ይህን መጻፍ አቅቶኝ ተውኩት።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሐጂ ወደ ውጪ ጠሩኝ። ቡናው የተሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆምን። ፍሬውን በእጃቸው እያገላበጡ፣ ሳያዩኝ፦

"ልጄ፣ የዚያ የምጫነው ነገር ገመድ ጫፉ እግሬ ሥር ነበር። ረግጬዋለሁ።"

መሬት ብትከፈት በገባሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቁት፣ ሐጂ?"

"ከቅዳሜ።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን..."

"ስትለፉ አየኋችሁ። ላግዛችሁ ብዬ ነዋ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሩን፣ ጉንዳኑን፣ ሦስቱን ኪቦርድ። መቅመሴን ሳይቀር። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፦

"ብረቱን የምመርቅ መስሎህ ነው?" አሉ። "ብረት ምን ይመረቃል? ለነኢማ ነው እንጂ። አባቷ ሞቷል፤ አራት መቶ ደጃፍ በእግሯ የዞረች ልጅ ናት፤ ማን ይመርቃት? እሷ ላይ እንዲያርፍ ነው የምለው። ጥርሴ ካለቀ ወዲህ ግን አይደርስም። መሃል ላይ ይወድቃል።"

ቆይተው ደግሞ "አልደረሰኝም ያለኝ ሰው የለም" አሉ።

አለቀስኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቡና አልጋ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ሽማግሌ ምርቃታቸው የሚያርፍበት ሰው ሲፈልጉ፣ እኔ ላስቲክ እጠቀልል ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አጋሮ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም፣ የተበላሸም ነገር የለም። ማሽኑ ይሠራል፤ ደህናው ኪቦርድ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ሐጂ ብርዛቸውን ይዘው ገቡ። ነኢማ ከወንበሯ ተነሳች። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ፊታቸው ቆመች፣ ሻርፕዋን ከግንባሯ ትንሽ ገፋ አድርጋ ጎንበስ አለች። ረጅም መረቋት። ቱፍ! ቱፍ!

"ደረሰ?"

"ደረሰ፣ አባ።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከማሽኑ ኋላ ነበርኩ፣ ሁልጊዜ እንደምቆመው፣ የማያስፈልግ ብሎን እያጠበቅኩ። ጅማ ከመጣሁ ጀምሮ ለስንቱ ምርቃት ዳር ቆሜ አሜን ብያለሁ? መፍቻውን አስቀመጥኩ። ዞሬ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ።

ሚኒባስ ውስጥ ማሩ ግንባሬ ላይ ደረቀ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ብዙ ታግሳ ሶፍት አወጣችልኝ። አመስግኜ ተቀበልኳት፣ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ጅማ እስክደርስ አልጠረግኩትም።