ለስንዴ የተጨመረ ዕድሜ

ላሊበላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ አረጋ፤ የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ቅዱስ ላሊበላ ይጠብቅዎ። እኛ ላሟ ከመንጠፏ በቀር ደህና ነን።

ገበያው እሳት ሆኗል። መንግሥት ደጉሞ በርካሽ ስንዴ ይሰጣል ተብሎ የቀበሌ ሱቅ ተከፈተልን፤ ግን ግማሽ ቀን ተሰብስቦ ለድጎማው ያላጨበጨበ አይሰፈርለትም። መዳፌ ከወፍጮው ይልቅ በጭብጨባ ተላጠ። ያጉረመረመ ደግሞ አድኃሪ ይባላል።

ለአዋቂ ሙሉ፣ ለልጅ ግማሽ ነው ሲሉኝ፣ ልጄን ሰጠኝን አሥራ ስምንት ሞልቶታል ብዬ አስመዘገብሁት። እርስዎ እንደሚያውቁት አሥራ አምስት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር ያንኑ መዝገብ ይዞ አሥራ ስምንት የሞላቸውን ወንዶች ስም ለውትድርና ጠራ። የንስሐ አባታችንን ይዤ ሄድሁና "ልጁን ያጠመቁት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜውን ጠይቃቸው" አልሁት።

"ስንዴ ሲሰፈር አሥራ ስምንት፣ ስም ሲጠራ አሥራ አምስት?" ብሎ ሳቀብኝ።

የጎረቤታችን የወለተ ሐና ልጅም አምና እንዲሁ ተጠርቶ ሄደ። እስካሁን አልጻፈላትም፤ ለመጻፍ ሰነፍ ነው መሰለኝ።

ሰጠኝ ለጠበል ይምርሐነ ክርስቶስ ሄዷል ብዬ ለሊቀመንበሩ ነግሬዋለሁ።

ይህን ወረቀት የሚሰጥዎ ልጅ ቁመቱ ስለረዘመ ላይለዩት ይችላሉ። ሲበላ ቶሎ አይጠግብም፤ አይቆጡት። ለዘመድ ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የልጁን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግን፣ አሥራ ሁለት ነው ይበሉ።

ጉልበትዎን የምትስመው እህትዎ፣
የሻረግ